ገመዱ ምን ተሸክሟል?

የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ሰሞን፣ መካነ ሰላም ያለው ታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ማታ የተነሳ ነው። ድልድዩ በመብራት አሸብርቋል፤ ገመዶቹ ከማማዎቹ ላይ እንደ በገና ጅማት ተወጥረው፣ ምስላቸው ውኃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። ከፎቶው ሥር አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ከዓለም ስንተኛ ነን?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ጥያቄው የልጁ ጥፋት አይደለም። እሱ የሰማውን እኔም ሰምቻለሁ፦ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር፣ ስድስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መንገድ አለው። ዜናው የሰጠን ቁጥር ነው። ቁጥር ብቻ የተሰጠው ሰው ደግሞ ከማወዳደር ሌላ ምን ያድርግ?

እኔ በመዋቅር ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለወንድሜ መልስ ለመስጠት ነበር፤ እየጻፍኩ ስሄድ ወደ ሂስ ዞረብኝ። ግማሹ ሂስ ስለ ድልድዩ በምናወራበት መንገድ ላይ ነው፤ ግማሹ በድልድዩ በራሱ ላይ። ድልድዩ ቆንጆ ነው፤ እሱን አስቀድሜ ልመን።

ርዝመት ብዙ አይነግረንም

ከደረጃው እንጀምር። ሆንግ ኮንግን፣ ጁሃይንና ማካውን የሚያገናኘው የባሕር መሻገሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲከፈት 55 ኪሎ ሜትር ነው ተብሎ ዓለም አወራለት። የእኛን ድልድይ መቶ አርባ አራት ጊዜ ብትቀጥሉት ነው እሱን የሚያክለው። ውድድሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ተሸነፍን። ግን ቆይ! በዚያ ሁሉ 55 ኪሎ ሜትር ውስጥ በገመድ ከተያዙት ክፍሎች ትልቁ፣ በሁለት ማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 458 ሜትር ብቻ ነው። የቀረው በብዛት አጠር ያለ ክፍል እየተደጋገመ የተቀጠለበት፣ ከፊሉም ከባሕር በታች በዋሻ የሚሄድ ነው።

ድልድይ የሚሠራ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በጠቅላላው ርዝመት አይደለም። የሚያስጨንቀው በሁለት ድጋፎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሳይት ላይ «ስፓን» እንለዋለን። ቤት ሲሠራ ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፦ ሦስት ሜትር ክፍል ላይ ቀጥ ብሎ የሚተኛ አጠና፣ ስድስት ሜትር ላይ ሲጋደም መሃሉ ይሰምጣል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ስፓኑ እጥፍ ሲሆን፣ የራሱ ክብደት የሚፈጥረው የማጉበጥ ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን ለመቋቋም ቢሙን ታወፍሩታላችሁ፤ ሲወፍር ይከብዳል፤ ሲከብድ እንደገና ይጎብጣል። በሆነ ርቀት ላይ ቢሙ ራሱን እንጂ መኪና መሸከም ያቅተዋል።

ስለዚህ «ስንት ሜትር ነው?» ብሎ መጠየቅ ለብቻው ብዙ ነገር አይነግራችሁም። «ስፓኑ ስንት ነው? ለምን ያን ያህል ሆነ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ድልድዩ መናገር ይጀምራል። የምረቃው ሰሞን ይህን ጥያቄ ያነሳ ዜና እኔ አልገጠመኝም።

ሳሙናና ክር

አሁን ወደ ገመዱ። በቀጥታ ገመድ ከማማ ላይ የሚያዝ ድልድይ በዘመናዊ መልኩ መስፋፋት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብዙዎች የሚጠቅሱት መነሻ ስዊድን ውስጥ ስትሮምሱንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጠናቀቀው ነው፤ ንድፉ የጀርመናዊው መሐንዲስ የፍራንዝ ዲሺንገር፣ ስፓኑ 182 ሜትር ግድም። በ2012 ሩሲያ ቭላዲቮስቶክ ላይ ወደ ሩስኪ ደሴት የሚያሻግረው ድልድይ ሲከፈት ስፓኑ 1,104 ሜትር ደርሶ ነበር። ከ60 ዓመት ባነሰ ጊዜ ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

የነዚህ ድልድዮች ሐሳብ ሦስት ማዕዘን ነው። ማማው ቆሟል፣ ወለሉ ተጋድሟል፣ ገመዱ ሁለቱን አያይዞ ወለሉን ወደ ላይ ይስባል። ገመዱ ቀና ባለ ቁጥር ክብደት ማንሳት ይቀለዋል። በቁጥር እንየው። አንድ ገመድ 10 ኩንታል ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ተፈለገ እንበል። ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ከሠራ ውስጡ ያለው ስበት 20 ኩንታል ይሆናል። ማማውን አሳጥራችሁ ገመዱ ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ ግን፣ ያንኑ 10 ኩንታል ለማንሳት 39 ኩንታል ገደማ መሳብ አለበት። ከዚህ ውስጥ 37 ኩንታል ያህሉ ማንሳቱን ትቶ ወለሉን ወደ ማማው እየገፋ ይጨምቃል። ለዚህ ነው የባሕር ላይ ድልድዮች ማማ እንደዚያ ሽቅብ የሚመዘዘው፤ በተለምዶ ከወለሉ በላይ ያለው ቁመት የስፓኑን ሩብ ወይም አምስተኛ ያህል ይደርሳል።

አሁን የወንድሜን ፎቶ እንደገና ተመልከቱ። የባሕር ዳሩ ማማዎች አጫጭር ናቸው። ገመዶቹም ተኝተዋል። ታዲያ መሐንዲሶቹ ሒሳቡን አያውቁትም ማለት ነው?

ያውቁታል። ድልድዩ በብዙ ዜና ላይ «በኬብል የተወጠረ» ተብሎ ቢጠራም፣ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ «ኤክስትራዶዝድ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዣክ ማቲቫ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988። በዚህ አሠራር ገመዱ ወለሉን በዋናነት የሚጨምቀው ሆን ተብሎ ነው፤ መጭመቁ እንደ ጉድለት የሚቆጠር ነገር አይደለም።

ይህን ለማየት አምስት የልብስ ሳሙና፣ ጠንካራ ክርና መርፌ ይበቃል። ሳሙናዎቹን ጫፍ ለጫፍ ደርድሩና በሁሉም ውስጥ፣ ወደ ላይኛው ጠርዝ ቀረብ አድርጋችሁ፣ አንድ ክር አሳልፉ። ክሩን ከሁለቱም ጫፍ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዚያ የመሃለኛውን ሳሙና ብቻ ይዛችሁ አንሱ። ሁለት ሁለቱ ሳሙና ግራና ቀኝ አየር ላይ ይቆማል፤ አይወድቅም። ሳሙናዎቹ በሙጫ አልተያያዙም፤ የያዛቸው መጨመቃቸው ነው። ኮንክሪትም እንደዚሁ ነው። ሲጨምቁት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድመን በገመድ ጨምቀን እናቆየዋለን፤ ቅድመ ውጥረት ያለው ኮንክሪት የምንለው ይህ ነው፤ የሀገራችን ብዙ ድልድዮች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ቀጥሎ የክብሪት ቀፎ አምጡና መሃለኛው ሳሙና ላይ አቁሙት። ክሩን በሳሙናው ውስጥ ማሳለፉን ትታችሁ፣ ከቀፎው አናት ላይ አሻግሩትና ጫፎቹን መጨረሻዎቹ ሳሙናዎች ላይ እሰሩ። አሁን ክሩን እንደ ቅድሙ ሳታጠብቁት ሳሙናዎቹ ይያዛሉ። ለምን? ክሩ ከሳሙናው መሃል ርቆ ከፍ ስላለ፣ የሚሠራበት ክንድ ረዘመ። ቀፎዋ የባሕር ዳሩ ማማ ናት። ኤክስትራዶዝድ ድልድይ ማለት በቢሙ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው የመጭመቂያ ገመድ፣ ምሰሶው ላይ ሲደርስ ራሱን ብቅ ያደረገበት ድልድይ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ብረት ይደክማል። ሽቦን ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው ሁሉ፣ የድልድይ ገመድም መኪና ባለፈ ቁጥር ትንሽ ጠበቅ ላላ እያለ ለዓመታት ሲኖር ይጎዳል። ረጃጅሙ ዓይነት ድልድይ ላይ ወለሉ ቀጭን ስለሆነ የመኪናው ክብደት በቀጥታ ገመዱ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ገመዱ ከሚበጠስበት ኃይል 45 በመቶ ግድም በላይ እንዳይወጠር ይደረጋል። ኤክስትራዶዝድ ላይ ግን ወለሉ ራሱ ወፍራምና ግትር ነው። ሲኖትራክ ሲያልፍ ገመዱ ብዙም አያውቀውም። ስለዚህም እስከ 60 በመቶ ድረስ ሊወጠር ይችላል፤ ትንሽ ገመድ ብዙ ይሠራል።

ስለዚህ በመብራት የደመቀው ገመድ ምን ተሸክሟል? ድልድዩን በሙሉ አልተሸከመም። ብዙው ሸክም ያለው ማንም ፎቶ በማያነሳው ወፍራም የኮንክሪት ወለል ላይ ነው። ገመዱ ያግዘዋል። ይህ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ለሕዝብ ቢነገር ኖሮ ድልድዩ ያንስ ነበር? እንደኔ ከሆነ ይበልጥ ያስገርም ነበር።

መርከብ የሌለበት ባሕር

ረጅም ስፓን ሰው ስላማረው አይመጣም፤ ቦታው ሲያስገድድ ነው። ዴንማርክንና ስዊድንን የሚያገናኘው የኤረሱን ድልድይ (እ.ኤ.አ. 2000) 490 ሜትር ስፓን ያለው፣ ከውኃው በላይም 57 ሜትር ከፍታ የተተወለት መርከብ ከሥሩ ስለሚያልፍ ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን ግሪክ ያለው የሪዮ አንቲሪዮ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተ። በገመድ የተያዘው ክፍል ብቻ 2,252 ሜትር ነው፤ አራት ማማዎች፣ በመካከላቸው ሦስት 560 ሜትር ስፓኖች። ውኃው 65 ሜትር ይጠልቃል። ከውኃው በታች አለት የለም፤ ደለል ነው። አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ያዘወትረዋል፤ ሁለቱ ዳርቻዎችም በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየተቆጠረ እየተራራቁ ነው። መሐንዲሶቹ ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? መጀመሪያ ልፍስፍሱን መሬት በብዙ የብረት ቱቦ ወግተው አጠነከሩት። በላዩ ጠጠር አነጠፉ። ከዚያ 90 ሜትር ስፋት ያለውን ክብ መሠረት ጠጠሩ ላይ እንዲሁ አስቀመጡት። አላሰሩትም! ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ማማው ከነመሠረቱ ጠጠሩ ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤ አይሰበርም። ቦታው የጠየቀውን ጥያቄ አንድ በአንድ የመለሰ ድልድይ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ባሕር ዳርስ ምን ጠየቀች? (ባሕር የሌለን ሰዎች ጣናን ባሕር ብለን ከተማውን በዳሩ መጥራታችን ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።) ዓባይ ከጣና እንደወጣ ሰፋ ብሎ ረጋ ያለ ነው። መርከብ አያልፍበትም፤ ጉማሬ እንጂ። ጥልቅ ገደል የለም። ቀድሞ የነበረው ድልድይ ያለ ማማና ያለ ገመድ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲያሻግር ኖሯል። ስለዚህ ያለ ገመድ፣ ምሰሶ በዛ አድርጎ አጫጭር ስፓን መደርደር ይቻል ነበር? በቴክኒክ ደረጃ፣ አዎ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለተመረጠው አሠራር የሚከራከር ነገር ግን አለ። ውኃው ውስጥ የሚቆም ምሰሶ ሲቀንስ የወንዙ አፍ አይታፈንም፤ ግንባታውም ውኃውን ብዙ አያውክም። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነውና ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም። ደግሞም ከተማ የሚያምር ነገር ይፈልጋል። ነጩ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ፣ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 የከፈተችው 525 ሜትር ድልድይም በገመድ የተያዘ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ወንዞች መነሻቸው አካባቢ እንዲህ ያለ ጌጥ ቢያደርጉ ምን ይላቸዋል?

እኔ የምቃወመው ጌጥ መሆኑን አይደለም። የምቃወመው ጌጡን እንደ ግዴታ፣ ግዴታውን ደግሞ እንደሌለ አድርገን ማውራታችንን ነው። የባሕር ዳሩ ድልድይ ከፊሉ መሻገሪያ፣ ከፊሉ ሐውልት ነው። ይህን በግልጽ ስንናገር ብቻ ነው ትክክለኛዎቹ ጥያቄዎች የሚመጡት። ለምሳሌ 43 ሜትር ስፋት፦ ሰው እንደ ጉራ ያወራዋል፤ ለመሐንዲሱ ግን ራስ ምታት ነው። ወለሉ ሲሰፋ ክብደቱ ያድጋል፤ ወንዙን ከመሻገሩ ሌላ ወለሉ ወደ ጎንም ራሱን የቻለ ሌላ «ድልድይ» ሆኖ መሥራት አለበት። ስድስቱ መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ከጠባብ መንገድ ጋር የሚጋጠም ከሆነም መጨናነቁ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በሌላ በኩል የብስክሌቱ መስመር ከልቤ ደስ ብሎኛል። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ የነዋሪውን እግር አይቶ የተሠራ ነገር ብዙ ጊዜ አናይም።

ሌላው ከምረቃ ዜና ሁሉ የሚቀረው ጥያቄ ጥገና ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2018 ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ፣ በ1967 የተከፈተው የሞራንዲ ድልድይ ከፊሉ ተደርምሶ 43 ሰው ሞተ። የዚያ ድልድይ ገመዶች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ከዝገት እንዲጠበቁ ተብሎ በኮንክሪት ተሸፍነው ነበር። ሽፋኑ ግን ዝገቱን ከሰው ዓይን ሸሸገው። ጥቂት ስለነበሩም አንዱ ሲሄድ ሸክሙን የሚረከብ አልነበረም። ዛሬ የሚሠሩት በዚህ በኩል እጅግ የተሻሉ ናቸው፦ ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ዘንግ ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይሸፈናል፣ ከተጎዳ ይለወጣል። ይለወጣል ማለት ግን የሚያየው ሰው ሲኖር ነው። ድልድይ ሲመረቅ ሪባኑን የሚቆርጠውን ብቻ ሳይሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ገመዱን የሚፈትሸው ማን እንደሆነ፣ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚፈትሽ፣ ውጤቱንም የት እንደሚያወጣው ቢነገረን እኔ በበኩሌ አጨበጭባለሁ።

ገደሉ

እኔ ያደግሁበት አገር ድልድይ የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ጎጃም ፊት ለፊት ነው። ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ ማዶ የሚታየውን እሳት እንቆጥር ነበር። በመኪና እዚያ ለመድረስ ግን ያኔ ዙሪያ ጥምጥም አገር ማቋረጥ ነበረበት፤ በእግር ለሚወርደው ደግሞ ወንዙ በጋ ላይ ይለመናል፣ ክረምት ላይ አይሆንም። የእኛ ደጋ እንዲህ ነው። በስተ ሰሜን በሽሎ፣ በስተ ደቡብ ወንጪት፣ በስተ ምዕራብ ራሱ ዓባይ ቆራርጠውታል። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ሲያዘምቱ የሸዋ ሰው በጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝ ነበር ቀጠሮው። አስተማሪያችን ይህን ሲያስተምሩን «ለምን ጥቅምት?» ብለው ጠየቁን፤ ከኋላ ወንበር አንዱ «ጋሼ፣ ወንዝ ስለሚጎድል!» አለ። ታሪክ ጸሐፊ ሌላ ምክንያት ይጨምር ይሆናል፤ ለወረኢሉ አካባቢ ልጅ ግን ሐምሌ ላይ ማንም ቀጠሮ አይሰጥም።

ለዚህ ነው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የህዳሴ ድልድይ ከባሕር ዳሩ አብልጬ የማደንቀው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ፣ ካጂማ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር፣ የመሃል ስፓኑ 145 ሜትር፣ እሱም በገመድ የተያዘ ነው። አሮጌው ድልድይ እዚያው አጠገቡ ይታያል። እዚህ ማንም «ለምን ገመድ?» ብሎ አይጠይቅም። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ክረምት ላይ የሚያጓራ ጎርፍ ታያላችሁ። መሃሉ ላይ ምሰሶ ማቆም ከጎርፉ ጋር መጣላት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚመቸው አሠራር ከሁለቱ ምሰሶዎች ተነስቶ ግራና ቀኝ እኩል እኩል እየጨመሩ መሄድ ነው፤ ልክ እንደ ሚዛን፣ ልክ እንደ ሳሙናዎቻችን። ካሳፎርማው ከወንዙ አልጋ ላይ አይነሳም፤ ራሱ ድልድዩ ላይ ተንጠልጥሎ ወደፊት ይሄዳል።

ግን እዚህም ሂስ አለኝ። የዓባይ ሸለቆ መንገድ ይንሸራተታል። ዳገቱን የሚወጣው አስፋልት በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ የጃፓን ባለሙያዎችም ድልድዩ ካለቀ በኋላ የመሬት መንሸራተቱን ለማጥናት ተመልሰው መጥተዋል። ድልድዩ ቆሞ መንገዱ ከሸሸ፣ ምን ተሻገርን ይባላል? ፎቶ አንሺ ድልድዩን ያነሳል፤ ሹፌሩ ግን የሚያወራችሁ ስለ ዳገቱ ነው።

ደግሞ ከኮንክሪቱም ከማማውም በፊት ገመድ ነበር። ከሞጣ በኩል ዓባይን ወደ አንዳቤት የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ቅስት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሰዎች በሁለቱ ስባሪዎች መካከል ገመድ ወርውረው፣ ተሻጋሪውን ወገቡ ላይ አስረው፣ ከማዶ ሌሎች እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ገበያተኛው፣ ሕመምተኛው፣ ሁሉም። ይህን የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ክፍተቱን በብረት ደፈነው። በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ፣ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተተከለ። ማማው ላይ መብራት የለም። ሲረግጡት ይወዛወዛል። በእኔ ሚዛን ግን ቦታው የጠየቀውን ከመለሱት ወገን ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ ጎርፍ ሲያርመው፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ ተተከለ።

ምህንድስና ለመማር የምታስቡ ብዙዎቻችሁ የምትስሉት ረጅሙን ማማ እንደሆነ እገምታለሁ። እኔም ስገባ እሱን ነበር የሳልኩት። ደቡብ ወሎ ውስጥ ግን በስድሳና በሰማንያ ሜትር ስፓን፣ በአህያና በሰው ጭነት፣ መንገድ በሌለበት ገደል ላይ፣ ዕቃው በሰው ትከሻ ወርዶ የሚሠራ ድልድይ የሚጠብቅ ወንዝ ብዙ ነው። እሱን በትንሽ ገንዘብ፣ ለሃምሳ ዓመት እንዲቆም አድርጎ መንደፍ ከባሕር ዳሩ የሚቀልል የቤት ሥራ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስተኛ ወሬ ነው፣ መልሕቁ የሚታሰርበት አለት ገና እያከራከረኝ ነው።

ለወንድሜ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። «ደረጃውን ተወውና አምስት ሳሙና ግዛ» አልኩት። በማግሥቱ ሌላ ፎቶ ላከ። ሳሙናዎቹ ተደርድረዋል፣ የክብሪት ቀፎዋ መሃል ላይ ቆማለች፣ ክሩ ግን ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ሳሙናዎች እንደ ቢላ ሰንጥቆ ገብቷል። «ባጠበቅሁት ቁጥር ይቆርጠዋል» ይላል። እናቴም ሳሙናዋ ስለባከነ ተቆጥታለች አሉ። እውነተኛው ድልድይ ላይም ገመዱ ኮንክሪቱን የሚነክስበት ቦታ ይህንኑ ችግር ያመጣል፤ ለዚህም ወፍራም የብረት ሳህን ይደረግለታል፣ ኃይሉ እንዲበተን። «ጫፍና ጫፉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ አስገባበት፣ ክሩን በቁልፉ ቀዳዳ አሳልፈህ እሰረው» ብዬ መለስኩለት። እስካሁን አልመለሰም። ቁልፉን ከማን ሸሚዝ ላይ እንደሚቆርጥ እያሰበ ይሆናል።